የፋኦል ሽማግሌዎች

ጥቅምት 8

መብራት የለም። ውሃም የለም። ስልኬ ላይ የቀረችው ባትሪ ለልብ ወለዴ አንድ ክፍል ትበቃለች ብዬ ሱቁ በር ላይ ቁጭ አልኩና ጨረስኩት። ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። በዚህ ሳምንት ፋኦል ለመጀመሪያ ጊዜ መቱ ገበያ ገባ። ፍቅረኛው ኡርጂ ጃንጥላ ይዛለት… ለዝናቡ አይደለም፣ ለፀሐዩ።

ወዲያው አንዷ ጻፈች፦ «ፋኦል ቆዳው ከደረቀ ይሞታል ብለሽን ነበር። መቱ ውስጥ ውሃ ከጠፋ ሰነበተ። በምን ተአምር በሕይወት አለ?» እውነቷን ነው። ከሶር ፏፏቴ ጀርባ የሚኖር የውሃ ልዑል ስፈጥር የከተማውን ቧንቧ አላሰብኩበትም። የሚቀጥለው ክፍል ላይ ጀሪካን መጨመር አለብኝ። ቢጫ።

መብራት ሲመጣ ጋሽ ሱፊያን ክፍሉን አትመው በስቴፕለር አያያዙት፣ ዳታ ለሌላቸው። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፍተው እኔን ለታይፕ ሲቀጥሩኝ ሐሳባቸው ደብተርና እስክሪብቶ ነበር። አሁን ከደብተሩ በላይ የሚፈለገው ፋኦል ነው። «የምስራች፣ አደራ ይሄ ሰውዬ እንዳይሞት» አሉኝ። ነጋዴ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም።

እማዬ ደግሞ እራት ላይ፣ «ያ የውሃ ሰይጣንሽ ዛሬም አለ?» አለች።

ልዑል ነው አልኳት።

«ሰይጣንም ልዑል ነኝ ይላል።»

ጥቅምት 10

ገዛኸኝ ከቡሬ ሲመለስ ሚኒባሱን መናኸሪያ አቁሞ መጣ። አቮካዶ ይዞ። ሌላ ሰው አበባ የሚያመጣበት ቦታ ላይ ይሄ ሰውዬ አቮካዶ ያመጣል።

«እናትሽ ምን አሉ?»

«ያው ነው።»

ያው ነው ማለት… ነሐሴ ላይ ኮት ለብሶ ብቻውን ለጋብቻ ሊጠይቀኝ ቤታችን መጣ። እማዬ በሩን ከፍታ ከኋላው ሰው ፈለገች። «ሽማግሌዎቹስ?» «እኔው ነኝ፣ እትዬ ትብለጥ።» ሰው ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ ሲመጣ አይታ አታውቅም። ደህና አድርጋ ሸኘችው። በሩን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች። «የማን ልጅ ነው?»

ምን ልበላት? እሱም አያውቅም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ሰፋሪ ሲያመጡ፣ የሰፈራው ቦታ ዳሪሙ ሲደርሱ ሕፃኑ አለ፣ ወላጆቹ የሉም። ስሙን ያወጡለት ያሳደጉት የማሳደጊያው ሰዎች ናቸው። ዛሬ አርባ ሊሞላው ነው፣ የአያት ስም ሲጠይቁት አሁንም ዝም ይላል።

ሽማግሌ ተከራይ ያሉት አሉ። አይሆንም አለ። «በውሸት ከገባሁ በውሸት ልኖር ነው?»

የእማዬ ነገር ክፋት ቢሆን በተሻለኝ ነበር። ክፋት አይደለም። «ነገ ቢያስቀይምሽ ማን ጋ ሄጄ ነው የምከሰው? ሚኒባሱ ጋ?» ትላለች። ሳስበው ልክ ነች። ሳስበው ደግሞ እወደዋለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ለመላው ኢሉባቦር በየሳምንቱ ፍቅር አከፋፍላለሁ፣ እኔ ቤት አቮካዶ ይበሰብሳል።

ጥቅምት 15

ለቀቅኩት። ፋኦል የኡርጂ አባት ፊት ቆመ። ፀጉሩ እየተንጠባጠበ። አባትየው ጠየቁት፦ «የማን ልጅ ነህ? ነገ ልጄን ብታስቀይማት ማን ጋ ሄጄ እከስሃለሁ?» ፋኦል ፏፏቴውን አሳየ። አባትየው፦ «ውሃ ዋስ አይሆንም» አሉ።

ከደጃችን ሰርቄ ነው። ኮቱን ብቻ ነው የቀየርኩት።

አንባቢዎች አባትየውን እየሰደቡ ነው። ጎሬ ያለች አንዷ «እንዲህ ያለ አረመኔ ወላጅ በምድር ላይ የለም» ብላለች። እማዬ ጎኔ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። አላነበብኩላትም።

ጥቅምት 22

የተጻፈ የለም። ትህትና ሱቁ መጣች፣ የሆስፒታሏ ነርስ፣ የአንባቢዎቹን ግሩፕ የምትመራው። ከነጋውኗ።

«ትሰጪዋለሽ አይደል?»

«ማንን?»

«ኡርጂን ለፋኦል ነዋ! ሽማግሌ የመከራየት ነገር እንዳታመጪ ብቻ። የሐሰት ሽማግሌ ምናምን… ፋኦል እንዲህ አያደርግም።»

አውቃለሁ፣ አያደርግም። ችግሬም ይሄው ነው።

ከእኛ ሠፈር ኦቦ ዋቁማ ሳይቀሩ እንደሚከታተሉ ነገረችኝ። ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ የድሮው የእርሻ ባለሙያ። ትህትና ተከራያቸው ነች፤ ዓርብ ዓርብ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። «ጀሪካኑ ላይ በጣም ሳቁ» አለችኝ። ኦቦ ዋቁማ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። በአንድ እድር ነው ያለነው እኮ።

ጥቅምት 29

መጨረሻውን ለቀቅኩት።

ፋኦል ተመልሶ ውሃው ውስጥ ገባ። ኡርጂ ዳር ቆማ ቀረች። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት… በአንዱ አባትየው በድንገት ልባቸው ራራ። በአንዱ ንጉሡ አባቱ ከውሃ ወጥተው መጡ። ሁለቱም ውሸት ሆኑብኝ። ሰው የሌለው ሰው ከየት ሰው ያመጣል? እኔ ለአንዱ አላገኘሁለት፣ ለፋኦል ከየት ላምጣ?

ስልኬን ዘጋሁት።

ጥቅምት 30

ከፈትኩት። ባልከፍተው ይሻል ነበር።

አንድ የባጃጅ ሹፌር የኋላ መስታወቱ ላይ «ፋኦል» ብሎ አጽፎ ነበር፤ ዛሬ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» አስጨምሯል። ፋኦል እኮ አልሞተም። ቤቱ ነው የገባው። የዩኒቨርሲቲ ልጆች መጥተው አንዷ «አንቺ ፍቅር የሚባል ነገር አታውቂም» አለችኝ። ፎቶ ኮፒዋን ሰጠኋት። ጋሽ ሱፊያን ምሳ አልበሉም። የሚያነቡት መሆኑንም አላውቅም ነበር፤ የሚያትሙት ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ገዛኸኝ አልደወለም።

ህዳር 2

ደወለ።

«ሰማሁት» አለ።

«ምኑን?»

«መጨረሻውን። ከቡሬ ስመለስ አንዷ ተሳፋሪ ጮክ ብላ አነበበችው። መኪናው በሙሉ አለቀሰ። እኔ እየነዳሁ ነው፣ ጆሮዬን መድፈን አልችልም። ገባኝ።»

«ምን ገባህ?»

«መልስሽ። በጨዋ ደንብ ነው የነገርሽኝ፣ አመሰግናለሁ።»

«ገዛኸኝ፣ ልብ ወለድ ነው!»

«አባትየው ያሉት እናትሽ ያሉትን ነው። ቃል በቃል። እሱ እውነት ሆኖ የልጁ መጨረሻ ብቻ ነው ልብ ወለድ?»

እኔ፣ በየሳምንቱ ሰው የማናግር፣ የምለው ጠፋኝ። ከታህሳስ ጀምሮ የጋምቤላ መስመር ሊይዝ እንደሆነ ነገረኝ። እዚያው አዳሩን አድርጎ። ከዛ ኔትወርኩ ሄደ፣ ወይ እሱ ዘጋው። ደጋግሜ ሞከርኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ…» ትላለች ሴትየዋ። ደንበኛዬ አይደለም፣ ልላት ምንም አልቀረኝም።

ህዳር 5

አቮካዶውን ጣልኩት። ከዛ አውጥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ነካኝ?

ህዳር 8

ይሄን ረጋ ብዬ መጻፍ አለብኝ።

እሁድ ጠዋት እማዬ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ደጁ ተንኳኳ። ሦስት ሰዎች። ኦቦ ዋቁማ በኮት፣ ከዘራ ይዘው። አቶ ወልደ የሱስ፣ እኔን አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉት። ሦስተኛው ጋሽ ሱፊያን። አሠሪዬ! ዓይኔን እንኳ አላዩም።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች እማዬ።

«አንቀመጥም፣ እትዬ ትብለጥ። ጉዳይ ይዘን ነው።»

ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገርና መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። ይህን ቀን ስትጠብቅ ፀጉሯ ሸብቷል።

አቶ ወልደ የሱስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በዚህ ቤት ያለችውን ልጅ ለልጃችን ለፋኦል ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«የማን ልጅ ነው?» አለች እማዬ።

ሦስቱ ተያዩ። «ወላጆቹ ሩቅ ናቸው» አሉ አቶ ወልደ የሱስ። «ዘመዶቹ እኛ ነን።»

«ጠባዩስ?»

«አንገቱን የደፋ ነው። አይጠጣም። ማለቴ… አረቄ አይጠጣም።»

«መኖሪያው?»

«እዚሁ ሶር» አሉ ጋሽ ሱፊያን። «ሰፊ ቦታ ነው። ውሃ አይጠፋበትም።»

የእማዬን ልብ ይሄኛው ነካው። ወጉን ግን አልረሳችም። «እንመካከርና በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አለች። ጎንበስ ብለው ወጡ።

ከዛ ወደ እኔ ዞረች፣ ፊቷ በርቶ። «ፋኦል የሚባለው የትኛው ነው? ለምን ደበቅሽኝ?»

ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ… ተቀመጠች። «ከመጀመሪያው አንብቢልኝ» አለች። «ሽማግሌ አስቁሜ ሸኝቻለሁ። ማንነቱን ሳላውቅ እንዴት መልስ እሰጣለሁ?»

ህዳር 9

እስከ ክፍል ስድስት አነበብኩ። ድምፄ ተዘጋ። ወጥ አረረ።

ትህትና ሱቁ መጥታ ይቅርታ ጠየቀች። ሐሳቡ የግሩፑ ነው። «ሰው የለውም ብለሽ አይደል የመለስሽው? እኛ አለንለት ብለን ነው።» ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከቡሬ ዘመድ ለመሆን ብዙ ሰው ተመዝግቧል። ሽማግሌዎቹን የመረጡት በድምፅ ብልጫ ነው።

ህዳር 13

ጨረስን። እማዬ አለቀሰች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ቀጥላ ተናደደች።

«ምን አለበት ቢሰጡት?»

«የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅማ።»

«ሦስት ጨዋ ሰው ደጅ ድረስ የመጣለት ሰው ምን ጎደለው? አባትየው ግትር ነው።»

«አባትየው ያለው አንቺ ያልሽውን ነው እማዬ።»

«እኔ የተናገርኩት ስለ ሰው ነው» አለች። «እሱ የውሃ ነው። የውሃ ሰው ዘመድ ባይኖረው አይገርምም።»

ተነስቼ ወጣሁ። በጣም ተናድጄ ነበር። ለሌለ ሰው ከተማው ሁሉ ዘመድ ሆነ። ያለው ሰው ሻንጣውን እያዘጋጀ ነው።

ህዳር 14

ኦቦ ዋቁማ ጋ ሄድኩ። ቤታቸው ከወፍጮው በላይ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ቀይ ቡና አስጥተው በመጥረጊያ እያገላበጡ ነበር።

«ኦቦ፣ ለሌለ ሰው ሽማግሌ ሆናችሁ መጣችሁ አይደል?»

«መጣን።»

«ላለ ሰውስ?»

ከዛ አለቀስኩ። ልጽፈው አልፈልግም ነበር ግን አለቀስኩ። ቆመው ጠበቁኝ። በርጩማ አመጡልኝ። «ቡናው ላይ አይሁን ብቻ፣ ገና እየደረቀ ነው» አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ኮቱን፣ ነሐሴን፣ የጋምቤላውን መስመር። እወደዋለሁ አልኳቸው። ጮክ ብዬ ለሰው ስናገር ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ቡናውን አንድ ጊዜ አገላበጡት።

«ሽማግሌ ብቻ ብንሆንለት፣ ኪራይ ነው ይላል። ልክ ነው። ሽማግሌ የሚልክ አባት ነው መጀመሪያ የሚያስፈልገው።» መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ጉዲፈቻ ለምንድነው ያለው?»

«ኦቦ፣ አርባ ዓመቱ ነው እኮ።»

«ታዲያ አላዝለው።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«እኔም ማታ ማታ ሬዲዮ ነው የማናግረው» አሉ። «ሂጂና ሁለቱን ሽማግሌዎች ጥሪልኝ። ላኪያችን አንቺ ነሽ።»

ወንድ ጋ ሽማግሌ የላከች ሴት መቱ ውስጥ ነበረች? አላውቅም። አሁን አለች።

ህዳር 16

ትናንት ሄዱ። ጋሽ ሱፊያን ዛሬ ሱቁን ከፍተው፣ ወረቀት ማሽኑ ውስጥ ጨምረው፣ መስታወቱን ጠርገው… ከዛ ነው የነገሩኝ።

ቡሬ መናኸሪያ ነው ያገኙት። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊወጣ ሲል። ሦስቱ በሹፌሩ በር በኩል ቆሙ። ገዛኸኝ የመቱ መንገደኛ መስለውት፣ «ቦታ የለም አባቶች፣ ቀጣዩን ያዙ» አላቸው።

«አንሳፈርም» አሉ ኦቦ ዋቁማ። «ጉዳይ ይዘን ነው።»

ወረደ። ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አወጣ። ኦቦ ዋቁማ ከዘራቸውን ያዝ አድርገው፣ «ልጅ የለኝም። ልጄ እንድትሆን ልጠይቅህ መጥቻለሁ። እነዚህ ሽማግሌዎቼ ናቸው» አሉት።

«እሱስ?» አልኳቸው።

«እሱማ…» አሉ ጋሽ ሱፊያን። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። አነሳው። ‹ልመካከርና በሁለት ሳምንት ተመለሱ› አለን።»

ልመካከር? ከማን ጋር? ማን አለውና ነው የሚመካከረው?

ህዳር 22

የፋኦል ቀጠሮ። መጡ፣ ቆሙ። እማዬ አዲስ ቀሚሷን ለብሳለች። «ተቀብያለሁ» አለች ሳትጠየቅ። «ልጁ ይውጣና ኡርጂን ይውሰዳት።»

ሁሉም እኔን አዩ።

«አይወጣም» አልኩ። «መጨረሻው ያው ነው።»

ቢወጣ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ግሩፑ ደስ ይለዋል፣ ባጃጁ ጽሑፉን ይቀይራል፣ ሁሉም ወግ ማዕረግ ያየ ይመስለውና ቤቱ ይገባል። ለገዛኸኝ ብሎ ቡሬ መናኸሪያ ድረስ የሚመላለስ አይኖርም። ይሄን ለእማዬ አልነገርኳትም። «እንደ አንቺ ያለ ድንጋይ አልወለድኩም» አለችኝ። አራት መቶ ሰው ከግሩፑ ወጣ። ትህትና አልወጣችም፣ ሰላም ግን አትለኝም።

ህዳር 25

ገዛኸኝ ሱቁ መጣ። ባዶ እጁን።

ጋሽ ሱፊያን ወዲያው የሚገዙት ነገር ትዝ አላቸው። ወጡ።

ቆመ። ኮቱን ለብሷል።

«ሽማግሌ መጥቶብኛል» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«ልጃችን ሁን ይሉኛል። ልመካከር ብዬ ቀጠሮ ሰጠሁ። ሳስበው የምመካከረው ሰው የለኝም።» ማሽኑን ተደገፈ። «አንቺን ላማክር መጣሁ።»

ይሄን የመሰለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ሞክሬም አላውቅም።

«ጥሩ ሰው ናቸው» አልኩት። «ሲያስነጥሱ ሰፈሩ ይሰማል። ሌላ ነውር የላቸውም።»

«መጽሐፉስ? ልጁ ተመልሶ ገባ እኮ።»

«ልጁ አንተ አይደለህም። ልጁ መንጃ ፈቃድ የለውም።»

ሳቀ። ከነሐሴ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም። ከዛ ሳቁን አቆመና፣ «አንቺ ነሽ የላክሻቸው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«አትሂድ ለማለት?»

«አትሂድ ለማለት። የጋምቤላውን መስመር ሌላ ሰው ይያዘው። እዚህ ሁን። እፈልግሃለሁ።»

ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ይጮሃል፣ ማናችንም አላጠፋነውም።

ታህሳስ 1

ማክሰኞ። ገዛኸኝ አባት አገኘ። ከወፍጮው በላይ፣ አቶ ወልደ የሱስ፣ ጋሽ ሱፊያንና ጎረቤቱ ባሉበት። ኦቦ ዋቁማ መረቁት፣ ወንበር ሰጡት። አቮካዶ ይዞ ነበር የሄደው።

ጋምቤላ አልሄደም። ሲሠራበት የነበረውን መስመር ይዞ ይቀጥላል።

ታህሳስ 6

መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ነው የምጽፈው። እስክሪብቶው እየተንሸራተተብኝ…

እማዬ በሩን ስትከፍት ሦስቱ ቆመዋል። «ደግሞ ለማን ነው?» አለች። «ያ የውሃው ሊወጣ ነው?»

«እሱ እዚያው ነው፣ እትዬ ትብለጥ» አሉ አቶ ወልደ የሱስ። «ልጅዎን የምስራችን ለልጃችን ለገዛኸኝ ልንጠይቅ ነው።»

እማዬ ሹፌሩ መሆኑን አወቀች።

«የማን ልጅ ነው?»

አቶ ወልደ የሱስ አልመለሱም። ጋሽ ሱፊያንም አልመለሱም። ኦቦ ዋቁማ ናቸው አንድ እርምጃ ወደፊት የመጡት።

«ኢልመ ኮ» አሉ። ቀጥለው በአማርኛ፣ «የእኔ ልጅ ነው።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከማክሰኞ ወዲህ።»

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ቢያስቀይማት እኔ ጋ ይምጡ» አሉ ኦቦ ዋቁማ። «ቤቴን ያውቁታል። ልቀጣው አልችልም ይሆናል፣ ጎልማሳ ነው። ግን አስጠርቼ አስቀምጠዋለሁ፣ እሱም ይመጣል። ትናንት ጠርቼው መጥቷል።»

«ለምን ጠሩት?» አለች እማዬ።

«እንዲሁ። ይመጣ እንደሁ ላይ ብዬ።» ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። «ወዲያው ነው የመጣው።»

የእማዬ ጫማ ወዲያ ሄደ… ወዲህ ተመለሰ…

«ተቀመጡ» አለች።

ወንበሮቹ ሲጎተቱ ይሰማኛል።